የአባ አጎበር ዝምታ

አባ አጎበር ማረፋቸውን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «በወባ ነው?» ብሎ ነው። ጠይቆኝም ሳቁን ለመደበቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። በወባ አይደለም። ስኳር ነበረባቸው፤ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎድቶት ሊሙ ገነት፣ ሴት ልጃቸው ቤት አረፉ።

መርዶውን እንኳ ወግ ባለው መንገድ አልሰማሁትም። ጅማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ወደ ገበያ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩ ድሮ ከእኛ ጋር አስጎብኚ የነበረ ሰው ነው። በመስታወቱ አየኝና፣ «ሰማሽ እንዴ? አባ አጎበር ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። ክው አልኩ። እሱ ግን አላቆመም፤ «ምን አለ በይኝ፣ ቢምቢ ናት የጨረሰቻቸው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

«አውርደኝ» አልኩት። መንገዱን ሳላጋምስ ወርጄ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። ይህ ሰውዬ አንድ ጊዜ ከቆላ ተመልሶ ሲንቀጠቀጥ፣ እንደ ጆንያ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት አባ አጎበር ናቸው። «እኛ አበሾች ለምደነዋል፣ ደማችን መራራ ነው» እያለ ሌሊቱን ያለ አጎበር ሲተኛ ከርሞ ነበር የታመመው። ውለታ የሚበላ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚህ እየሳቀ የሚበላ ግን አላየሁም።

ስማቸው ኑረዲን ነው። ጅሬን፣ ከቤተ መንግሥቱ በታች ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። በጅማ አገር የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባላል። እሳቸው ፈረስ አልነበራቸውም። የነበራቸው ዳገት ላይ የሚያስነጥሰው አሮጌ ላንድክሩዘርና ከሄዱበት የማይለያቸው አጎበር ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ቀልደኛ «አባ አጎበር» አላቸውና ስሙ በዚያው ጸና። መጀመሪያ ሰሞን ይቆጡ ነበር። በኋላ ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው፣ «አቤት፣ አባ አጎበር ነኝ» ማለት ጀመሩ።

መንግሥት «ተደራጁ፣ ተደራጁ» ይል በነበረበት በዚያ በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ እኛም ሹፌሮች፣ አስጎብኚዎችና ምግብ አብሳዮች ሆነን ጅማ ላይ ማኅበር አቋቁመን ነበር። እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ። አዲስ አበባ ያሉ አስጎብኚ ድርጅቶች ፈረንጆቹን ይልኩልናል፤ እኛ ደግሞ ዝሆን ሊያዩ ወደ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ፣ አንዳንዴም እስከ ኦሞ ድረስ ይዘናቸው እንወርዳለን። አባ አጎበር መዋጮ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራቸው ያችኑ ላንድክሩዘር ለማኅበሩ አስገቡ። ያን ጊዜ ማናችንም ክፉ ነገር አልታየንም።

ፈረንጅ ቆላ ሲወርድ የሚፈራው አንበሳና አዞ ነው። ድንኳኑ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃል፣ ጅብ ሲጮህ ይበረግጋል። አባ አጎበር በዚህ ይናደዱ ነበር። «ያ ጀመዓ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ አንበሳ የበላው እንግዳ አላየሁም» ይላሉ። «የምትበላችሁ ፎቶ የማትነሳዋ ናት።»

ጠዋት ከጅማ ከመነሳታችን በፊት እንግዶቹን ግቢ ውስጥ ይሰበስባሉ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፤ ግን ሳይገባው የቀረ ሰው አላየሁም። ሐኪም ያዘዘለትን የወባ መከላከያ ኪኒን የጀመረ ወደዚህ፣ ያልጀመረ ወደዚያ። የጀመረውም ቢሆን የዕለቱን ፊታቸው ይውጣል፤ ውጦም አፉን ይከፍታል። ባለሀብት ይሁን ፕሮፌሰር፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ምላሱን አንሥቶ ያሳያል። ኪኒን ያልያዘ ካለ መኪናው አይነሳም፤ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይዘውት ይሄዳሉ። አንዱ እንግዳ ሲመለስ ኪኒኑን ያቆማል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይጨቀጭቁታል፤ «ቆላው ከኋላህ ቀርቷል፣ ወባዋ ግን አብራህ መኪና ውስጥ ልትሆን ትችላለች» ይሉታል።

ቆላ ከወረድን በኋላ ደግሞ መግሪብ አለ። ለእሳቸው የመግሪብ ሶላትና የቢምቢ ሰዓት አንድ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በድንኳኖቹ መሀል እያጨበጨቡ ይዞራሉ። እጅጌ ይውረድ! ካልሲ ሱሪ ላይ ይሳብ! ቅባት ተቀቡ! ዚፕ ዝጉ! «መግሪብ ሲደርስ ሁሉም ሰው ሙስሊም ነው፤ ክንዱንም እግሩንም ይሸፍናል» ይሉ ነበር። ማተቤን እያሳየሁ «እኔስ ጋሼ?» ስላቸው፣ «አንቺ በተለይ» ይሉኛል። እሳት ዳር ክንዴን ገልጬ ሽንኩርት ስከትፍ ካገኙኝማ አለቀልኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእንግዶቹ እራት ሥሪ አልንሽ እንጂ ለቢምቢ እራት ሁኚ አልንሽ?»

እንከን የለባቸውም አልልም። ነጭ ሽንኩርት ቢምቢ ያባርራል ብለው ሙጭጭ ስላሉ ወጡን ሁሉ በነጭ ሽንኩርት አስሞልተውኝ፣ እንግዶቹ እርስ በርስ ፊት አዙረው ነበር የሚያወሩት። ሐኪም እንኳ «ይህ አይሠራም» ቢላቸው፣ «አንተ ቢምቢ ጠይቀህ ነው?» አሉት። ቁጡ ነበሩ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ሳይጠቀጥቅ የተኛ ሰው ካገኙ ቀስቅሰው ይሰድቡታል። ኮፍያቸው ውስጥ ሁልጊዜ ክር ያለው መርፌ ሰክተው ይይዛሉ፤ ወሬ እያወሩም ቢሆን እጃቸው የተቀደደ አጎበር ይሰፋል። «ቀዳዳ ያለው አጎበር የቢምቢ ሳሎን ነው» ይሉ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ ተሰድቤ አልቅሻለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ቆላ ስመላለስ አንድም ቀን ወባ አልያዘኝም።

እንዲህ ያደረጋቸው የታደሰ ሞት ነው። ታደሰ ከሸዋ መጥቶ ጅማ የቀረ ሹፌር ነበር፤ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ሁለቱ ለአንድ ነጋዴ ቡና ይጭኑ ነበር። እሱ ሲጾም እሳቸው ፊቱ ሥጋ አይበሉም፤ እሳቸው ረመዳን ሲይዙ እሱ ውኃ እንኳ ተደብቆ ነው የሚጠጣው። አንድ ጊዜ አብረው ከጊቤ ቆላ በተመለሱ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ታደሰን ራስ ምታትና ትኩሳት ያዘው። ጅማ ወይና ደጋ ናት፤ ወባ የቆላ ሰው በሽታ ነው የሚመስለን፣ ሰው እቤቱ ገብቶ ሲያተኩሰው ማንም ወባ አይልም። ምች ነው ተባለ። ላብ ላይ እያለ ንፋስ መታው፣ በልቶ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ተባለ። ዳማከሴ ታሽቶ ተጨመቀለት፤ ጋቢ ደራርበው አላቡት። ሲያልበው ትኩሳቱ ለቀቀውና ጎረቤቱ ሁሉ «ይኸው ምቹ ወጣለት» አለ። እንደገና ተነሳበት። እንደገና ዳማከሴ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ታደሰ ሰው አይለይም ነበር።

ዳማከሴውን ከጓሮ ቀጥፈው ያመጡት ኑረዲን ናቸው። «በእነዚህ እጆቼ ጨመቅኩለት» ይሉ ነበር፤ ሌላ አይጨምሩም።

ከዚያ ወዲህ ከቆላ የተመለሰ ሰው አተኩሶት «ምች ነው» የሚል ሰው ፊታቸው አይቆምም፤ እጁን ይዘው ወደ ደም ምርመራ ነው። ፈረንጆቹንም ሲሸኙ የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነበር። «አገራችሁ ገብታችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወር ይለፍ ሁለት ወር፣ ለሐኪማችሁ ወባ ያለበት ቆላ ነበርኩ በሉት። ደሜ ይታይ በሉት። እናንተም አገር ምች አይጠፋም።» ምች ምን እንደሆነ ባይገባቸውም የቀረውን አንድ በአንድ ያስብሏቸዋል። አንዳንዶቹ እየሳቁ ይደግሙታል፣ አንዳንዶቹ አቅፈዋቸው ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት ዝናቡ መስከረም ካለፈም በኋላ አልቆመም። ቆላው ውኃ አቆረ። ጨበራ ደርሰን ስንመለስ በየመንደሩ ቤቱ ሁሉ ታማሚ ነበረበት፤ አንድ ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ ሰው በሰው ላይ ተኝቶ አየን። እናት ልጇን ታቅፋ ዝንብ የምታባርርበት አቅም አልነበራትም። አባ አጎበር መኪናውን አቁመው የያዝነውን ትርፍ አጎበር ሁሉ አከፋፈሉ። ጅማ ገብተን ለሚቀጥሉት እንግዶች ግቢ ውስጥ ሲናገሩ ያየነውን ጨመሩበት፤ «ኪኒን ያልጀመረ ሰው አሁን ባይወርድ ይሻለዋል» አሉ። እንግዶቹ ተማከሩና ጉዞውን ሰርዘው ወደ ላሊበላ ዞሩ። የላካቸው ድርጅትም «ሹፌራችሁ ገበያችንን ዘጋው» ብሎ ተቆጣ።

ያ ዘመን ደግሞ የገጽታ ዘመን ነበር። የአገር ገጽታ፣ የዞን ገጽታ፣ የከተማ ገጽታ፤ ፊት ያለው ነገር ሁሉ ገጽታ ነበረው። ግምገማ ተጠራ። በዚያን ጊዜ የሠራ ሰው ግምገማን አይረሳም። አንዱን ያስነሡታል፤ ሌላው ተራ በተራ ጉድለቱን ይዘረዝርበታል፤ በመጨረሻ ራሱ ግለ ሂስ አድርጎ «አጥፍቻለሁ» ሲል ይጨበጨባል። የዚያን ዕለት ከሊቀመንበራችን ጎን፣ ማን እንደሆነ ያልተነገረን አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ተቀምጧል።

«ወባ በቁጥጥር ሥር ውሏል» አለ ሰውዬው። «እኚህ አባት ግን የአካባቢያችንን ገጽታ እያጠለሹ ነው።»

«እኔ ከዚያው ነው የመጣሁት» አሉ አባ አጎበር። «በቁጥጥር ሥር ሆኖ ያየሁት ሰዉን ነው።»

«ተራዎን ይጠብቁ፣ አባቴ።»

ተራ በተራ ተነሡባቸው። ያ የባጃጁ ሰውዬ፣ «እንግዳን በማስፈራራት ይታወቃሉ» አለ። ሌላው፣ «አምባገነን ናቸው፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሰውኛል» አለ። ከእሳቸው ጋር ሲበላና ሲጠጣ የኖረ ሰው ሁሉ የሚለው አላጣም። እኔ ተነሥቼ፣ «በጤና የቆማችሁት እኮ በማን ነው?» ስል ሊቀመንበሩ «ስሜታዊ አትሁኚ» ብሎ አስቀመጠኝ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ቁርጥ ተደርጎ ቀረበላቸው፤ ወይ ግለ ሂስ አድርገው ስለ ወባ ለእንግዳ ላይናገሩ ቃል ይገባሉ፣ ወይ ከማኅበሩ ይወጣሉ። ከወጡ መኪናዋ የማኅበሩ ናት፣ ትቀራለች።

አባ አጎበር ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ባለቤታቸው ያኔ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ቤቱን የሚያኖረው ያ የመኪና መሪ ብቻ ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ከእንግዲህ ለእንግዳ ወባ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።»

ተጨበጨበ። እኔ እሳቸውን ለማየት አልቻልኩም፤ የሚያጨበጭቡትን ሰዎች አየኋቸው። እስከ ዛሬ አንዳቸውንም በደህና ዓይን አላያቸውም።

ወዲያው ወፍ ለማየት የመጡ ጥቂት ፈረንጆች ተላኩልን። እኔን «ዕረፍት ውሰጂ» ብለው ከጉዞው አስቀሩኝ። ሲነሡ ግን ግቢ ነበርኩ። ከእነሱ መሀል አንዲት ሽበታም ሴትዮ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት አሉ። ለእያንዳንዳችን «ሰላም፣ ሰላም» እያለች ጨበጠችን። የተሰበሰበ የለ፣ አፉን የከፈተ የለ። አባ አጎበር መሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም በጤና ተመለሱና ሊቀመንበሩ ሲያገኘኝ፣ «ይኸው፣ የታል ወባው?» አለኝ።

እንግዶቹ አገራቸው ከገቡ ወር ሳይሞላ ከአዲስ አበባው ድርጅት ስልክ ተደወለ። ሴትዮዋ ሞታለች። ትኩሳት ሲይዛት የአገሯ ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ እቤቷ አስተኝቷት፣ ወባ መሆኑ የታወቀው ከረፈደ ነው። ልጆቿ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ እናታችንን ስለ ወባ የነገራት ሰው አልነበረም ወይ?

ሊቀመንበሩ መልስ ሲሰጥ ደመወዜን ልቀበል ቢሮው ውስጥ ቆሜ ነበር። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «በሚገባ ተነግሯቸዋል» አለ። «እንዲያውም ሹፌራቸው በዚህ የታወቁ ናቸው። አባ አጎበር ነው የሚባሉት፤ ኪኒን ሳያስውጡ መኪና አያስነሱም። የድሮ እንግዶችን ጠይቁ። ሴትዮዋ ምክሩን ችላ ብለው ይሆናል፤ ነፍስ ይማር።»

የተገመገሙበትና የተዋረዱበት ስማቸው ለውሸት መሸፈኛ ሆነ። ይህን የሰማሁ ዕለት ማኅበሩን ተውኩ። ለአባ አጎበር የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግኩም። ቀጥ ብለው ቢሮ ሄደው የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የልጆቿን ስልክ ስጠኝ» አሉት ሊቀመንበሩን።

«ለምን?»

«አልነገርኳትም ልላቸው።»

«ካሳ ይጠይቁናል! ማኅበሩ ይፈርሳል። እርስዎም ይታሰራሉ።»

«ልታሰራ። ሜ፣ እባክህ፣ ስልኩን ስጠኝ።»

አልሰጣቸውም። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ድርጅቱ በር ላይ ሁለት ቀን ዋሉ፤ ዘበኛው አላስገባቸውም። ሲመለሱ አንድ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ሊሙ ገነት፣ ልጃቸው ቤት ገቡ።

ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። የቡና ለቀማ ጊዜ ነበር። ግቢው ውስጥ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በሽቦ ፋንታ ከጤና ጣቢያ የታደለው አጎበር ተቀጣጥሎ ተሰፍቶ ተወጥሮባቸዋል፣ ቀዩ ቡና በላዩ ተሰጥቷል። አማቻቸው ቡናውን በእጁ እያገላበጠ ሰላም አለኝ። አባ አጎበር ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ በጣም ከስተዋል።

«አየሽ?» አሉኝ። «ቡናው ወባ እንዳይዘው ነው።»

«አይቆጧቸውም እንዴ ጋሼ?»

«በየትኛው አፌ?»

እንዲህ ሲሉ ስድባቸው ናፈቀኝ። ልጃቸው ሻይ ሰጥታን ስትገባ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም አልኩ። «እርስዎ ምን ያድርጉ? ያዘዙዎት እነሱ ናቸው። ለሌሎቹም አልተናገሩም፤ የእሷ ቀኗ ደርሶ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሌሎቹ ዝም አልኩ። ለእሷ ዝም አላልኩም።»

«ታዲያ?»

«ወንዝ ዳር ነበርን፣ ልክ ሲመሻሽ። ሌሎቹ ቢራቸውን ይዘው ራቅ ብለዋል። እሷ ወፍ ስትጠብቅ አጠገቤ ናት፣ ክንዷ ተገልጧል። እኔ እጅጌዬን አወረድኩ፣ ካልሲዬን ሳብኩ። አየችኝ። ‹ለምንድነው የምትሸፋፈነው? እኔም ልሸፈን እንዴ?› አለችኝ።»

ሻዩን አላነሱትም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ፤ ግን ጠየቅኩ። «ምን አሏት?»

«‹ለሶላት ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም› አልኳት። እሷማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እንዳትረብሸኝ ብላ ወደ ውኃው ጠጋ አለች።»

«አላህ መሐሪ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«አላህማ መሐሪ ነው። እሱ ያውቃል» አሉኝ። «የማያውቁት ልጆቿ ናቸው። ይኸው እስከ ዛሬ፣ እናታችን ተነግሯት እምቢ አለች እያሉ ያዝኑባታል። ጠይቃኝ ነበር እኮ።»